ፓፍ የእናቴን ደም ያበላሸዋል ወይ?

ጥያቄው ባጭሩ ይኸው፦ «ዶክተር፣ የምንኖረው ጅማ፣ ቆጪ ነው። እናቴ 58 ዓመቷ ነው። አስም አለባት፣ ግፊትም አለባት። ሰማያዊውን ፓፍ ትጠቀማለች፤ ለግፊቱ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ 25 ትውጣለች። ባለፈው ሳምንት ሌሊት አፍኗት ድንገተኛ ክፍል ወሰድናት። በጭምብል የሚሳበውን መድኃኒት ሦስት ጊዜ ሰጧት፣ መርፌም ወጓት፣ ተሻላት። ከዚያ ደም ወሰዱና ፖታሲየም 3.1፣ ስኳር 178 ነው አሉን። መድኃኒቱ ነው ያደረገው ብለው ሸኙን። እሷ ደግሞ ደሜን እየመረዘው ነው ብላ ፓፉን ጥላዋለች። እውነቷን ነው? ቡናስ ትተው?»

መልሱን አስቀድሜ ልንገርህ፣ ዝርዝሩን ቀስ ብለህ ታነበዋለህ። ፓፉ የእናትህን ደም አይመርዝም። ዛሬውኑ ይመለሱበት። ሁለቱ ቁጥሮች እውነት ናቸው፣ መድኃኒቱም እጁ አለበት፤ ግን የሚሉት ነገር እናትህ ከገመቱት ሌላ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ፓፉ ሳይሆን ፓፉ ብቻውን መሆኑ ነው፣ ከጎኑ ደግሞ የግፊቷ ኪኒን አለች።

በፖታሲየሙ እንጀምር። ሰማያዊው ፓፍ ሳልቡታሞል ነው፤ ብዙ ሰው ቬንቶሊን እያለ የሚጠራው። ሥራው የአየር ቧንቧን የከበበውን ጡንቻ ማላላት ነው። ጡንቻው ላይ ቤታ ሁለት የሚባል ተቀባይ አለ፤ መድኃኒቱ እዚያ ሲደርስ ቧንቧው ይከፈታል፣ ትንፋሽ ይመለሳል። ችግሩ ይኸው ተቀባይ ሳንባ ላይ ብቻ አለመሆኑ ነው። እጅና እግር ጡንቻ ላይ አለ፣ ጉበት ላይ አለ፣ ልብም ላይ አለ። የተሳበው መድኃኒት ከፊሉ ከሳንባ ወደ ደም ይገባል። ጉሮሮ ላይ ቀርቶ የተዋጠውም ከፊሉ ባንጀት በኩል ይደርሳል። ደም ውስጥ ከገባ ደግሞ ያገኘውን ተቀባይ ሁሉ ይነካል።

ጡንቻ ላይ ሲደርስ የሴሉን የሶዲየምና ፖታሲየም ፓምፕ ያፈጥነዋል። ፓምፑ ሶዲየም ያወጣል፣ ፖታሲየም ያስገባል። ሲፈጥን ፖታሲየሙ ከደም ወደ ሴል ይገባል፣ ደም ላይ ያለው ይቀንሳል። የሰውነታችን ፖታሲየም ከመቶ 98 እጁ ድሮም ሴል ውስጥ ነው፤ ላብራቶሪ የሚለካው ደም ላይ የቀረችውን 2 እጅ ብቻ ነው። የቡና ነጋዴ ልጅ ብትሆን ቶሎ ይገባሃል፦ ደጅ የነበረው ጆንያ መጋዘን ገባ እንጂ አልተሸጠም። መድኃኒቱ ሲያልቅ ተመልሶ ይወጣል፣ በጥቂት ሰዓት ውስጥ።

አሁን መጠኑን ተመልከት፣ ምክንያቱም ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። አንዴ ሲነፋ የሚወጣው፣ አንድ ፓፍ የምንለው፣ 100 ማይክሮግራም ነው። ድንገተኛ ክፍል በኔቡላይዘር፣ ማለትም በዚያ ባለ ጭምብሉ ዕቃ፣ የሚሰጠው ብዙ ጊዜ 2.5 ወይም 5 ሚሊግራም ነው። 5 ሚሊግራም ማለት ዕቃው ውስጥ የገባው መድኃኒት የ50 ፓፍ ያህል ነው ማለት ነው። ሁሉም ሳንባ አይደርስም፣ አብዛኛው በአየር ይባክናል፤ ቢሆንም ሦስት ጊዜ ሲደጋገም ቀላል አይደለም። እናትህ የተሰጣቸው 5፣ 5 ከነበረ ድምሩ 15 ሚሊግራም ይሆናል። እንግዲህ ኩላሊቱ የደከመና ፖታሲየሙ ሽቅብ የወጣ ሰው ድንገተኛ ክፍል ሲመጣ፣ ልቡ እንዳይቆም ብለን ሆን ብለን የምንሰጠው ሳልቡታሞል በኔቡላይዘር ከ10 እስከ 20 ሚሊግራም ነው። ፖታሲየሙን ከ0.5 እስከ 1 ያህል ዝቅ ያደርግልናል፤ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይጀምራል፣ ከሰዓት እስከ ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ጎላ ብሎ ይታያል። ለእነዚያ በሽተኞች የምንፈልገው ሥራ፣ ለእናትህ ሳንፈልገው አብሮ መጣ። ሌላ ምሥጢር የለውም።

ስለዚህ ያ 3.1 የተወሰደው መቼ ነው? አንተ እንዳልከው ከሦስተኛው በኋላ። መድኃኒቱ ሥራው ላይ ባለበት ሰዓት ማለት ነው። ትክክለኛው ልክ ከ3.5 እስከ 5.0 ነው፣ 3.1 ዝቅ ያለ ነው፣ ግን መለስተኛ። የሚያስደነግጠኝ ከ3.0 በታች ሲሆን ነው፤ ወደ 2.5 ሲጠጋ የልብ ምት መዛባት ይመጣል፣ ጡንቻ ይዝላል።

ሆኖም «እንግዲያው ምንም አይደለም» ብዬ አልሸኝህም። እናትህ ገና ከቤት ሳይወጡ ፖታሲየማቸው ስንት ነበር? ይህን ማንም አልለካም። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሽንት መድኃኒት ነው። ግፊት ያወርዳል፣ ርካሽ ነው፣ ብዙ ጊዜም ጥሩ መድኃኒት ነው። ነገር ግን ፖታሲየም በሽንት ያስወጣል። ይኼኛው መደበቅ አይደለም፣ ከቤት መውጣት ነው፤ የወጣው አይመለስም፣ በምግብ ወይም በኪኒን ይተካል እንጂ። ማግኒዚየምም አብሮ ይዞ ይወጣል፤ ማግኒዚየም ሲጎድል ደግሞ ፖታሲየሙን ብትሞላው ብትሞላው አይቆምም። እኔ እንደምጠረጥረው እናትህ 3.5 አካባቢ ይዘው ነው ድንገተኛ ክፍል የገቡት፤ ኔቡላይዘሩ ከዚያ ላይ ቀነሰ። መርፌው ሃይድሮኮርቲሶን የሚባለው ስቴሮይድ ከነበረም፣ ሳይሆን አይቀርም፣ እሱም ኩላሊት ላይ ፖታሲየም ያስወጣል። ሦስቱ አንድ ሌሊት ላይ ተገናኙ ማለት ነው።

ተጠያቂውን ካስገደድከኝ፣ ከፓፉ በፊት ኪኒኗን እጠይቃለሁ። ግን ኪኒኗንም በራሳችሁ እንዳታቆሙ! ግፊት በድንገት ሲለቀቅ የሚያመጣውን ታውቃለህ። ሐኪማቸው ጋ ሄዳችሁ «ፖታሲየሟ ወርዷል፣ አስምም አለባት፣ የግፊቱ መድኃኒት ይቀየር ወይ?» በሉ። አምሎዲፒን ለምሳሌ ፖታሲየም አይነካም። ኢናላፕሪል እንዲያውም ትንሽ ከፍ ያደርገዋል፣ ግን ደረቅ ሳል ያመጣል፤ አስም ያለበት ሰው ላይ ሳል ሲመጣ አስሙ ይሁን ኪኒኑ መለየት ራስ ምታት ነው። ፕሮፕራኖሎል ግን በጭራሽ አይሆንም። ፓፉ የሚከፍተውን በር እሱ ይዘጋዋል። ጎረቤት «እኔን በጣም ተስማምቶኛል» ብላ የምታቀብለው የግፊት ኪኒን አንዳንዴ እሱ ነው፣ ስሙን አንብቡ።

ወደ ስኳሩ። ቤታ ሁለት ጉበት ላይ ሲነካ ጉበት ያከማቸውን ስኳር ወደ ደም ይለቃል። በአፈና የተጨነቀ ሰውነት በራሱም አድሬናሊን ያመነጫል፣ እሱም ስኳር ያወጣል። ከዚያ ላይ የስቴሮይድ መርፌ ሲጨመር፣ 178 ብርቅ አይደለም። ስኳር በሽታ ያዛቸው ማለት አይደለም። ግን 58 ዓመትና ግፊት ስላለ ነገሩን እንዳትተዉት፤ ከተረጋጉ በኋላ፣ ስቴሮይዱም ከሰውነት ሲወጣ፣ ጠዋት ምግብ ሳይቀምሱ ይለካ። 126 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ተደግሞም ከተረጋገጠ፣ ያኔ ስለ ስኳር በሽታ እናወራለን። ፕሬድኒሶሎን የሚባለው የስቴሮይድ ኪኒን ለጥቂት ቀን ታዞላቸው ከሆነም ይጨርሱት። ስኳሩን ፈርቶ እሱን ማቋረጥ አፈናውን መልሶ መጥራት ነው።

አንድ ሌላ ነገር አለ፣ ደም ላይ የሚታይ፣ ግን ለእናንተ ማንም ያልነገራችሁ። ላክቲክ አሲድ። ሳልቡታሞል በብዛት ሲሰጥ ጡንቻ ስኳር በፍጥነት ያቃጥላል፣ ከስብም ቅባት አሲድ ወደ ደም ይለቀቃል፣ ከዚህ ሁሉ ይኸው ላክቲክ አሲድ፣ ላብራቶሪ ላክቴት የሚለው፣ ይጠራቀማል። ሰውነት አሲዱን ለማውጣት ቶሎ ቶሎ ያስተነፍሳል። ሐኪሙ ደግሞ ትንፋሹ የፈጠነው አስሙ ስላልለቀቀ ነው ብሎ ሌላ ኔቡላይዘር ይጨምራል፣ ላክቴቱም ይጨምራል። ደረት ላይ ሲያዳምጡ ሲርሲርታው ጠፍቷል፣ ኦክስጅኑ ጥሩ ነው፣ ሰውየው ግን አሁንም ያለከልካል፤ እንዲህ ሲሆን መጨመር ሳይሆን ቆም ማለት ነው የሚያስፈልገው። ይህን የምነግርህ ለጠቅላላ ዕውቀት ነው። ቤት ውስጥ በሁለት ፓፍ የሚመጣ ነገር አይደለም።

የእጅ መንቀጥቀጡስ? አንተ አልጠየቅክም፣ ግን እናትህ ሳይሉ አይቀሩም፤ ብዙ እናቶች «መድኃኒቱ ደም ሥሬን አንቀጠቀጠው» ይሉኛል። ያው ቤታ ሁለት ነው፣ ጡንቻ ላይ። ልብም ትመታለች። አብዛኛውን ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ይለቃል፣ ዘወትር ለሚወስደው ሰውም እየለመደ ይቀንሳል፤ ፖታሲየም ላይ ያለው ጉልበትም እንዲሁ ይለዝባል።

እዚህ ላይ ስለ ሳልቡታሞል ኪኒን ሳልናገር አላልፍም። ርካሽ ነው፣ አይነፋም፣ አያሳፍርም፣ ስለዚህ ብዙ ቤት ይገኛል። «ፓፍ ያስለምዳል፣ ኪኒኑ ይሻላል» የሚሉም ሞልተዋል። ተገላቢጦሽ ነው! አንዷ የ4 ሚሊግራም ኪኒን 40 ፓፍ ማለት ናት፤ ጉበት ግማሹን ቢያከስመው እንኳ የቀረው ሳንባን ለማግኘት መላ ሰውነትን መዞር አለበት። ፓፉ በቀጥታ ሳንባ ይገባል፣ በ2 ፓፍ፣ ማለትም በ200 ማይክሮግራም ሥራውን ይሠራል። ደማቸውን ስለሚፈሩ ከፓፍ ወደ ኪኒን የሚሸሹ ሰዎች ከጠብታው ሸሽተው ወንዝ ውስጥ ነው የሚገቡት። እናትህ ፓፉን ሲጥሉ ሰው ኪኒኑን እንዳይሰጣቸው ተጠንቀቅ። ቲዮፊሊን የሚባለው ሌላው የአስም ኪኒንም እንደዚያው ነው፣ እሱም ፖታሲየም ያወርዳል፤ ሲፕሮፍሎክሳሲን ወይም ኤሪትሮማይሲን የሚባለው አንቲባዮቲክ አብሮ ከተወሰደ ደግሞ ቲዮፊሊኑ ደም ውስጥ ተከማችቶ ማስታወክና የልብ መዛባት ያመጣል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። እናትህ የሚጠቀሙት ሰማያዊውን ብቻ ነው። ሰማያዊው ቧንቧውን ይከፍታል እንጂ ውስጡ ያለውን እብጠትና ብግነት አይነካም። ብግነቱን የሚያስታግሰው የሚሳበው ስቴሮይድ ነው፦ ቤክሎሜታሶን፣ ቡዴሶናይድ፣ ፍሉቲካሶን። ጊና የሚባለው ዓለም አቀፉ የአስም መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2019 አዋቂን በሳልቡታሞል ብቻ ማከም ይቅር ብሏል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ በዓመት 3 እና ከዚያ በላይ ቆርቆሮ ሰማያዊ የሚጨርስ ሰው ለከባድ አፈና የበለጠ የተጋለጠ ነው፣ በወር አንድ የሚጨርስ ደግሞ ለሞት። አንዱ ቆርቆሮ 200 ፓፍ ነው። ቁጭ በልና እናትህ ባለፈው ዓመት ስንት እንደገዙ አስላ። ደረሰኝ ባይኖር ባዶዎቹ መሳቢያ ውስጥ ይኖራሉ።

«ስቴሮይድ» ስል እንደምትደነግጥ አውቃለሁ፣ አሁን ስለ መርፌው እንደዚያ ካወራሁ በኋላ። የሚሳበው ሌላ ነው። በትንሽ መጠን፣ ለምሳሌ ቡዴሶናይድ በቀን ከ200 እስከ 400 ማይክሮግራም፣ ፖታሲየም አይነካም ማለት ይቻላል፣ ስኳርም ያን ያህል አያንቀሳቅስም። ከፍ ባለ መጠን ለረጅም ጊዜ ሲሆን ግን የኩላሊት ራስጌ ዕጢ የሚያመነጨውን ኮርቲሶል የሚባል ሆርሞን ሊቀንስ ይችላል፤ ለዚህ ነው በከፍተኛ መጠን የቆየ ሰው በአንድ ቀን አያቋርጥም የምንለው። አፍ ውስጥ ነጭ ፈንገስ ሊያወጣ ይችላል፣ ከሳቡ በኋላ በውኃ ተጉመጥምጦ መትፋት ይበቃዋል። ቡዴሶናይድ ቧንቧ ከሚከፍተው ከፎርሞቴሮል ጋር የተቀላቀለው ከተገኘና አቅም ከፈቀደ ደግሞ በአንድ ዕቃ ሁለቱንም ይሠራል። ካልተገኘ ቤክሎሜታሶን ጠዋትና ማታ፣ ሰማያዊው ለአፈና ጊዜ ብቻ። ብግነቱ ሲበርድ የሰማያዊው ፍላጎት ይቀንሳል፣ ኔቡላይዘር ይርቃል፣ ያ ሁሉ የደም ለውጥም አይመጣም። የእናትህን ፖታሲየም የሚጠብቀው ስቴሮይዱ ነው ብልህ አልቀለድኩም።

አነፋፋቸውን እይ። ግማሹ ሰው ጉሮሮው ላይ ነፍቶት ይውጠዋል፤ ሳንባው ያላገኘውን አንጀቱ ያገኘዋል፣ ከዚያ «አልሠራም» ብሎ ይደግማል። ፓፉ ላይ የሚገጠመውን መተንፈሻ ዕቃ (ስፔሰር) መግዛት ካልተቻለ ግማሽ ሊትር የሃይላንድ ላስቲክ ይበቃል፤ እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ የደቡብ አፍሪካ ጥናት የላስቲክ ጠርሙስ ከተገዛው ያላነሰ እንደሚሠራ አሳይቷል። ቂጡ ላይ የፓፉን አፍ የሚያክል ቀዳዳ ክፈት፣ ጥብቅ ብሎ እንዲገባ። በፈሳሽ ሳሙና አጥበህ ሳትወለውል በራሱ ይድረቅ፣ በጨርቅ ከወለወልከው መድኃኒቱ ግድግዳው ላይ ይጣበቃል። ከዚያ አንድ ፓፍ፣ በጠርሙሱ አፍ በኩል ቀስ ያለ ትንፋሽ አምስት ስድስት ጊዜ፣ ከዚያ ሁለተኛው። ሁለቱን ባንዴ መንፋት የለም።

ደሙን እንደገና ስታስለኩ፣ ኤሌክትሮላይት፣ ማለትም እንደ ፖታሲየም ያሉትን የደም ጨዎች፣ የሚሠራ ላብራቶሪ ምረጡ። ኔቡላይዘር በተወሰደበት ቀን አይሁን፤ ተረጋግተው፣ ጠዋት፣ ሰማያዊውን ካልነፉ ሰዓታት ሲያልፉ። ክንዳቸው ታስሮ እያለ «ጨብጡ፣ ዘርጉ፣ ጨብጡ» ከተባሉ አይሆንም በሉ፤ ጡንቻ ሲጨመቅ ፖታሲየም ይለቃል፣ ውጤቱ በውሸት ከፍ ይላል። የደሙ ሴሎች መርፌ ውስጥ ሲሰባበሩም፣ ወይም ሳይሠራ ብዙ ሰዓት ሲቆይም እንደዚያው። ልብ በል፣ እነዚህ ሁሉ ቁጥሩን ወደ ላይ ነው የሚያሳስቱት። የእናትህ 3.1 ደሙ ተሰባብሮ የወጣ ከሆነ እውነተኛው ከዚያም በታች ነበር ማለት ነው። ከተቻለ ማግኒዚየምና የኩላሊት ምርመራ አብሮ ይሠራ። ዲጎክሲን የሚባል የልብ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቁ፣ ነገ ሂዱ፤ ዝቅ ያለ ፖታሲየም ላይ ዲጎክሲን አደገኛ ነው።

ምግቡ ጅማ ላይ ችግር አይደለም። ሙዝ፣ አቮካዶ፣ ድንች፣ ቦዬ፣ ጎደሬ፣ ባቄላ፣ ሁሉም ፖታሲየም አላቸው። ኩላሊታቸው ደህና መሆኑ ከታወቀ እንደልብ ይብሉ። ኩላሊት ካልተመረመረ ግን የፖታሲየም ኪኒን ከፋርማሲ ገዝታችሁ እንዳትሰጧቸው።

አፈናው እንደገና ቢመጣ፣ በሐኪም እስክትደርሱ ድረስ ሰማያዊውን በላስቲኩ ከ4 እስከ 10 ፓፍ፣ በየ20 ደቂቃው፣ ለመጀመሪያው አንድ ሰዓት መስጠት ይቻላል። ያኔ ስለ ፖታሲየም አታስብ። አየር ያጣ ልብ ከፖታሲየም በፊት ይቆማል። አንድ ዐረፍተ ነገር መጨረስ ካቃታቸው፣ ከንፈራቸው ከጠቆረ፣ ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ካላቸው፣ ሌሊትም ቢሆን ባጃጅ ፈልገህ ውሰዳቸው። አፈና ሳይኖርም ልብ እየዘለለ የምትመታ ከሆነ፣ እግር ከከዳቸው ወይም ራሳቸውን ከሳቱ እንደዚያው፤ የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ ይነሱ።

ቡናውን በተመለከተ፣ የጅማን እናት ቡና አትጠጪ ብዬ በሰላም አልኖርም፣ ደግሞም ምክንያት የለኝም። ካፌይን የቲዮፊሊን ዘመድ ነው፣ የአየር ቧንቧን ለጥቂት ሰዓት ትንሽ ይከፍታል እንጂ አይዘጋም። እስከ በረካ ሲኬድ የልብ ምትና መንቀጥቀጡ ላይ ይጨምራል፤ ሰማያዊውን ደጋግመው በነፉበት ቀን አቦል ይበቃቸዋል። ቲዮፊሊን የሚወስዱ ከሆነ ከዚያም ይቀንሱ። የትንፋሽ መለኪያ ምርመራ ባለበት ጠዋት ግን ቡና አይቅመሱ፣ ውጤቱን ያሳስታል።

ከስኒው ይልቅ የሚያስጨንቀኝ ከሰሉ፣ የሚቆላው ቡና ጭስና ዕጣኑ ነው። በሩ ተዘግቶ ጠባብ ክፍል ውስጥ ሲቆላ አንተም ዓይንህን ያቃጥልሃል፣ የእሳቸውን ሳንባ አስበው። ቡና ለቀማ ወይም ማበጠር የሚሠሩ ከሆነም ንገረኝ፤ የጥሬ ቡናና የገለፈት ብናኝ ራሱ አስም የሚያስነሳባቸው ሰዎች አሉ፣ ያ ከሆነ የመድኃኒቱን ነገር ብቻ ማውራት አይበቃንም። ለጊዜው ቡናውን ሌላ ሰው ደጅ ይቁላ፣ ዕጣኑ ይቅር፣ እሳቸው ቀድቶ ማጣጣቱን ይያዙ። አዲሱ የፖታሲየም ውጤት ሲመጣ፣ ደሙ የተቀዳበትን ሰዓትና ከዚያ በፊት የነፉትን የፓፍ ብዛት ጨምረህ ላክልኝ።